የተቆለፉት ቤቶች ግብር፦ ከመዝገቡ ጀርባ ያለው ወሬ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ሜትር ይዤ ቤት ስለካ፣ ቅጽ ስሞላ፣ የግብር መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከተማውን አልጠራም። አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፤ በእኔ ወሬ እንዲጠየቁ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከመዝገቡ ጀርባ ያለውን የሚናገር አላገኘሁም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ክርክሩ ይህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚከርም ቤት ሰው ከሚኖርበት ቤት የበለጠ ግብር ይክፈል የሚሉ አሉ። የለም፣ ወገን በላቡ የሠራውን ቤት ለምን ትቀጣላችሁ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ስለ ምጣኔው ነው። እኔ ደግሞ ፍርዱ ምጣኔው ላይ ሳይሆን ቤቱ ሲለካና ሲመዘገብ እንደሚበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ቤት እንደምናወራ እንግባባ። በእኛ አካባቢ እንደ ፈረንጅ አገር የሐይቅ ዳር መዝናኛ ቤት የሚባል ነገር የለም። ያለው አዲስ አበባ ነግዶ ያለፈለት፣ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር የከረመ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሹመት አግኝቶ የሄደ ሰው በትውልድ ከተማው የሚያቆመው ቤት ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ባለ ቀለም ቆርቆሮ፣ ከሰው ቁመት ያለፈ የግቢ በር፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከበሩ ሥር አንድ ዘበኛ ወይም አንድ የአክስት ልጅ። ባለቤቱ ለጥምቀት ይመጣል፣ ለፋሲካ ይመጣል፣ ለሠርግና ለተዝካር ይመጣል። በቀረው ጊዜ መጋረጃው እንደተዘጋ ፀሐይ ያነጣዋል። ከአጠገቡ ባለው የጭቃ ቤት ደግሞ አንድ መምህርና አንዲት ነርስ በየፊናቸው አንድ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ የኪራዩ ጭማሪ ደመወዛቸውን እየበላው ይኖራሉ። የተቆለፈው ቤት የበለጠ ይክፈል የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያገኘው እነዚህ ሁለት ግቢዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። እኔም የዚህ ወገን ነኝ፤ ይክፈል ባይ ነኝ። ግን ቆዩኝ።

ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው። አዋጁ ታክሱን የሚያሰላው በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በገበያ ዋጋው ወይም በመተኪያ ዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። ምጣኔው ለቤቱ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታው የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት ቢኖር፣ ታክሱ የሚሰላው በ1 ሚሊዮን ብር ላይ ነው፤ በዝቅተኛው ምጣኔ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር በዓመት ይመጣል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የቦታው አለ። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ያለው ልዩነት 10 እጥፍ ነው፤ በዚህ ውስጥ ለተቆለፈ ቤት ከፍ ያለ፣ ሰው ለሚኖርበት ዝቅ ያለ ምጣኔ ማስቀመጥ ይቻላል። የንብረት ታክስን የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በ2015 ዓ.ም. በጋራ ስለወሰኑም፣ ነገሩ የሚቆረጠው አዲስ አበባ ሳይሆን ባሕር ዳርና በየከተማው ነው። ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ ሰው በዚህ ጉዳይ አፍ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ጓዳው ልውሰዳችሁ።

በሠራሁበት ከተማ በየዓመቱ ግብሩን በሰዓቱ የሚከፍለው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ነዋሪ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ አያጣም። መታወቂያ ያሳድሳል፣ አጥር ለማጠር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ውኃ ያስገባል፣ ለንግድ ቤቱ ወረቀት ይፈልጋል። በሄደበት መስኮት ሁሉ የሚቀበለው ጥያቄ አንድ ነው፤ "የዘመኑን ግብር ከፍለሃል? ደረሰኝህን አምጣ።" ካልከፈለ ጉዳዩ ይቆማል። ባለ ተቆላፊው ቤት ግን ወደ መስኮቱ አይመጣም። ማስጠንቀቂያ ሲሄድ ዘበኛው "ባለቤቱ የለም" ይላል፤ እውነቱንም ነው። ወረቀቱ ተመልሶ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ የሚታየው ቤቱን ለመሸጥ፣ ባንክ ለማስያዝ ወይም ስም ለማዛወር ክሊራንስ ሲፈልግ ነው። ያን ጊዜ የስምንት የአሥር ዓመት ውዝፍ በአንድ ደረሰኝ ይዘጋል፤ ቅጣቱ ላይ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል፣ ስልክ ይደወላል፣ ድርድር ይያዛል።

ይህ መዘግየት የሚጎዳው ከተማውን ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። በዶላር ለሚያስብ ሰው ያልከፈለው ውዝፍ በተኛበት በግማሽ ረከሰለት። እዚያው የምትኖረው ጠላ ሻጭ ግን የያንዳንዱን ዓመት ግብር በያንዳንዱ ዓመት ብር ከፍላለች። ስለ ከፍተኛ ምጣኔ ስንከራከር፣ የተቆለፈው ቤት ዛሬ ያለውን ዝቅተኛ ምጣኔም በወቅቱ እንደማይከፍል ማወቅ አለብን። 1 በመቶ ጥለህ ካልሰበሰብከው 0.1 በመቶ ጥሎ ከሚሰበስበው ያነሰ ታገኛለህ።

ሁለተኛው ነገር ልኬቱ ነው። ቤት ለመለካት ስንሄድ ሦስት አራት ሆነን ነው፤ አንዱ ሜትሩን ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ከቀበሌ አንድ ሰው ይመራናል። ሰው የሚኖርበት ግቢ ስንደርስ እናትየዋ "ግቡ፣ ግቡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ" ትላለች። ወንበር ይወጣል፣ ቡና ከተፈላ ቡና ይቀርባል። ገብተን እናያለን። አዲስ ያሠራችውን ማዕድ ቤት እንለካለን፣ ኮርኒሱን እንጽፋለን፣ ለኪራይ ያዘጋጀቻትን አንዲት ክፍል እንመዘግባለን። ወደ ተቆለፈው ቤት ስንሻገር ዘበኛው የትንሿን በር ገርበብ አድርጎ "ቁልፉ አዲስ አበባ ነው፣ ጌታዬ" ይላል። ውጭ ቆመን አጥሩን እንለካለን፣ ጣሪያውን በዓይን እንገምታለን። ለውስጡ ደግሞ "እንደ ጎረቤቱ ሙላው" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሴራሚኩ፣ ሦስቱ መታጠቢያ ቤቶች፣ የምድር ቤቱ፣ ሁሉም ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። በሯን የከፈተችልን ሴት ግምቷ በሁለት ክፍል ከፍ ይላል፣ የተቆለፈው ቤት ግምት በጎረቤት ጭቃ ቤት ልክ ይሰፋል። ማንም ጉቦ ሳይቀበል፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ እንዲሁ ይሆናል። ጉቦ ሲጨመርበት የሚሆነውን እናንተ አስቡት።

የቀድሞው ሕግ በዚህ ላይ ብዙም አላስጨነቀንም ነበር። አዋጅ ቁጥር 80/1968 የቤት ግብርን ያሰላ የነበረው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነው፤ ግምቱም አርጅቶ ስለነበር ስሕተቱ የሚያመጣው የብር ልዩነት ትንሽ ነበር። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ተመኑን ስታሻሽል ግን ሕዝቡ ጮኸ፣ እናት ፓርቲም የከተማውን አስተዳደር ፍርድ ቤት አቆመ። አሁን ሥሌቱ ወደ ገበያ ዋጋ ሲሄድ ያ የሜትርና የግምት ስሕተት በያንዳንዱ ዓመት ሺህ ብሮች ሆኖ ይወጣል።

አንድ ግቢ በዓይኔ ላይ ቀርቷል። ፊት ለፊቱ ትልቅ ቤት፣ ከጓሮ የጭቃ ግድግዳ ያላት ጠባብ ሰርቪስ። በሩን የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ነጠላቸው በጭስ ወይቧል፣ እጃቸው ላይ ሊጥ ደርቋል።

"እማማ፣ እዚህ ቤት ማን ነው የሚኖረው?" አልኳቸው።

"እኔ ነኛ ልጄ! ሌላ ማን ይኖራል ብለህ ነው?"

"የሚያድሩት የትኛው ክፍል ነው?"

ወደ ጓሮ ጠቆሙኝ። "እዚያች ሰርቪሷ ውስጥ። ይሄማ የልጄ ነው፣ ሲመጣ የሚያርፍበት። ለእኔ ወለሉ ያዳልጠኛል፣ እሳትም አይነድበት። እዚያችው ይሻለኛል።"

የሚጽፈው ባልደረባዬ ብዕሩን አንሥቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ቅጹ የሚጠይቀው መኖሪያ ነው፣ ንግድ ነው ወይስ ድርጅት የሚለውን ነው። መኖሪያ ብለን ሞላን። እንግዲህ ለተቆለፈ ቤት ከፍ ያለ ግብር ይጣል ቢባል ይህን ቤት ምን እንበለው? በባለቤቱ አድራሻ ከሄድን ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ከፍ ያለው ምጣኔ ይመታዋል። በሰዉ ከሄድን እናቱ አሉበት። በክፍሉ ከሄድን ደግሞ ትልቁ ቤት ባዶ ነው። ግብሩ ሲመጣ ወረቀቱ የሚደርሰው ደግሞ ውጭ አገር አይደለም፤ ለእሳቸው ነው የሚሰጠው። ማንበብ የማይችሉ ሴት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ለጎረቤት ልጅ "ምን ይላል?" እያሉ ሲዞሩ ማየት፣ ምጣኔው ፍትሐዊ ነው አይደለም ከሚለው ክርክር በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው። በየከተማው እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ልጅ ቤት የሚሠራው አንዳንዴ ለራሱ ሳይሆን ለእነሱ ክብር ነው፤ እነሱ ደግሞ ከለመዱት ምድጃ አይነሡም።

ሌላው ወሬ የስም ነገር ነው። መዝገባችን ላይ ሁለተኛ ቤት ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቤቶቹ አሉ፤ ስሙ የለም። ለቤት ማኅበር ቦታ ሲመራ ተመዝጋቢው በስሙ ቤትም ቦታም እንደሌለው ማረጋገጫ ያመጣል። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው አንዱን በራሱ፣ አንዱን በሚስቱ እኅት፣ አንዱን በአባቱ ስም አድርጎ ነው የኖረው። ውክልናው ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቤት ያለው ሁሉ የበለጠ ይክፈል የሚል ደንብ ቢወጣ የሚይዘው ሁለቱንም ቤት በገዛ ስሙ ያስመዘገበውን የዋህ ሰው ነው። አባቱ የሞተበትና የውርስ ቤት በስሙ የዞረለት መምህር ይያዛል። አራት ግቢ በአራት ዘመድ ስም ያለው ነጋዴ በመዝገብ ላይ ቤት የለውም። እኔ ይህን ደንብ አልደግፍም፤ የቤት ቁጥርን መሠረት ያደረገ ግብር በእኛ መዝገብ ላይ ሐቀኛውን ከመምታት አያልፍም።

ማን ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር ግን የሚያውቅ አለ። የውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ያውቃል፤ በየወሩ ያው ቁጥር የሚጽፍበትን ግቢ በቃሉ ይነግራችኋል። መብራት ካርድ የሚሞላውም ያውቃል። በሠራሁበት ከተማ ውኃ አገልግሎትና የግብር ክፍሉ በአንድ ግቢ ዙሪያ ነበሩ፤ መዝገብ ሲለዋወጡ ግን አላየሁም። አንድ ጊዜ ሐሳቡን ስብሰባ ላይ ያነሣ ሰው ነበር። ዝም ተባለ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። ለምን ዝም እንደተባለ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለእኛ አካባቢ ሰው "ቤትህን ልለካ ነው" ማለት ከግብር በላይ ትርጉም አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ሌላው ተወረሰ፤ ዛሬ በየከተማው የቀበሌ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ትርፍ ቤቱ የተወሰደበት ሰው ልጆች ዛሬ ባለ ቤቶች ናቸው። ቅጽ ላይ "ሌላ ቤት አለዎት?" የሚል መስመር ሲያዩ የሚያስቡት ስለ 1 በመቶ አይደለም። ስለዚህ ይደብቃሉ። መደበቃቸውን ወንጀል ብሎ ከመጀመር፣ ቅጹ ለምን እንደሆነ በግልጽ ጽፎ መጀመር ይሻላል።

ከዚያም በፊት 1960 ዓ.ም. አለ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በወጣበት ዓመት ጎጃም ተነሣ፤ ቢቸናና ሞጣ ከእምቢታው ዋና ዋና ስፍራዎች ነበሩ። ገበሬው የተቆጣው በብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ገማቹ መጥቶ ማሳውንና ምርቱን ከጻፈ ርስቱ ይናጋል ብሎ ፈራ፤ የሚገምቱትንም ሰዎች አላመነም። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የግብር ውዝፍም ተሰረዘ። በሥራ ዘመኔ ሜትሩን ስዘረጋ አንዳንድ ሽማግሌ ከበራፋቸው ተነሥተው አጠገቤ ይቆሙ ነበር። አይናገሩም፤ ቁጥሩን ግን ከእኔ ጋር ያነቡታል። አባቶቻቸው ስለ 1960 የነገሯቸውን ይዘው እንደሚቆሙ አውቅ ነበር፤ ለዚህም ቁጥሩን ጮክ ብዬ ማንበብ ለመድኩ። ለባልደረቦቼም እንዲሁ አድርጉ እል ነበር። ሰው የሰማውን ቁጥር ያምናል።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ ቀድሞ ገብቶበታል። በዌልስ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስተዳደሮች በሁለተኛ ቤት ላይ ከመደበኛው ግብር በላይ እስከ 300 በመቶ መጨመር ይችላሉ፤ ግዊኔድ የተባለው አስተዳደር 150 በመቶ ጨምሯል። የዚያ ምክንያት ግን ከእኛ ይለያል። እዚያ የከተማ ሰው መጥቶ የቆመውን የመንደር ቤት ይገዛና የመንደሩን ልጅ ያስወጣዋል። ቢቸናና ሞጣ ላይ ቤቱን የሠራው የመንደሩ ልጅ ራሱ ነው፤ ማንንም ከቤት አላስወጣም። ያስወጣው ነገር ካለ ከቦታው ነው፤ ቦታ በሊዝ ሲቀርብ መምህሩ ከዲያስፖራው ጋር መጫረት አይችልም። ይህ ልዩነት ምጣኔው ልከኛ መሆን እንዳለበት ይነግረኛል። 300 በመቶ ለእኛ አይሆንም።

ለእኛ የሚጠቅመው የቫንኩቨር አሠራር ነው። የካናዳዋ ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. በባዶ ቤቶች ላይ 1 በመቶ ግብር ጥላ ጀመረች፣ ቆይታ ወደ 3 በመቶ አሳደገችው። የሚበልጠው ቁም ነገር ጥያቄው ነው። ባለቤቱ የት አገር እንደሚኖር ወይም ስንት ቤት እንዳለው አይደለም የሚጠየቀው፤ በዚያ ቤት ውስጥ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር ሰው ኖሯል ወይ ነው። እናት ቢኖሩበት፣ ተከራይ ቢኖርበት፣ ቤቱ ባዶ አይባልም። መልሱንም የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ በየዓመቱ ነው፤ ከተማዋ የጠረጠረችውን ታጣራለች። ባለቤቱ በዓመቱ ውስጥ ቢሞት፣ ሕክምና ቢገባ፣ ቤቱ በእድሳት ላይ ቢሆን ነፃ ይሆናል። እኚያ አሮጊት እናት በዚህ ጥያቄ ነፃ ናቸው። በሚስቱ እኅት ስም የተደበቀው ቤት ደግሞ አያመልጥም፤ ጥያቄው በቤቱ እንጂ በስሙ ላይ አይደለምና። ባለቤቱ ከፍ ያለውን ምጣኔ መሸሽ ከፈለገ መንገዱ ግልጽ ነው፤ ለዚያች ነርስ ያከራየው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀበት ጊዜ አንሥቶ፣ በክልሉ ያለው ጦርነት ብዙ ቤት ዘግቷል። ለፋሲካ ይመጣ የነበረው ሰው መንገዱ ተዘግቶበት፣ ወይም እገታ ፈርቶ ቀርቷል። እዚያው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችም በራቸውን ዘግተው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል። ይህ ሰው ቤቱን በፈቃዱ አልዘጋውም። ዛሬ ባዶ ነው ብሎ በከፍተኛው ምጣኔ ማስከፈል ሰውን ለተሰደደበት ስደት ማስከፈል ነው። ስለዚህ ሰላም ወርዶ መንገዱ ሰው በሰላም የሚያመላልስ እስኪሆን፣ ለተዘጋ ቤት መደበኛው ምጣኔ ብቻ ይቆይ እላለሁ። ከፍ ያለው ሊጀመር የሚገባው ከዚያ ወዲህ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አስቀድሞ ተነግሮ ነው። ገንዘቡ ዛሬ ያስፈልጋል የሚሉኝ አሉ፤ ያስፈልጋል። ግን እንዲህ የተሰበሰበ ገንዘብ በሚቀጥለው ልኬት ላይ ሰዉን ሁሉ በር ያስዘጋል።

ውጭ አገር የሚኖሩት የከተማው ልጆች አንድ መከራከሪያ አላቸው፤ ልክ ነው። ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ ሆስፒታሉ መሣሪያ ሲያጣ የሚጠራው እነሱን ነው፤ እነሱም ይሰጣሉ። "ለልማት ስንሰጥ ልጆች፣ ለግብር ሲሆን ባዕዶች" ይላሉ። እኔ የምመልሰው፣ መዋጮ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሰጪው የሚወደው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ቆሻሻ ለማንሣት፣ የተቆፈረ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለመድፈን፣ በሌሊት የመንገድ መብራት ለማብራት መዋጮ የሚጠይቅ ኮሚቴ አይቋቋምም። ያ መብራት ግን የተቆለፈውን ግቢ ከሌባ ይጠብቃል። የተቆለፈው ቤት ዋጋ የሚጨምረውም አጠገቡ ሰው እየኖረ፣ ሱቅ እየከፈተ፣ ግብር እየከፈለ ከተማውን ስላቆየው ነው።

አሁን ያ ስብሰባ ለምን ዝም እንዳለ ልንገራችሁ። የውኃ ቆጣሪ መዝገብና የግብር መዝገብ ይመሳከር የተባለ ዕለት፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ውስጥ በከተማው የተዘጋ ቤት የሌለው ጥቂት ነበር። አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቤቱን ለወንድሙ አደራ የሰጠ ነው። ሌላው የማኅበር ቤቱን ጨርሶ ቆልፎታል፤ የሚኖረው በኪራይ ቤት ውስጥ ነው፣ ኪራዩንም የሚከፍልለት መሥሪያ ቤቱ ነው። ሦስተኛው ጡረታ ሲወጣ የሚገባበት ቤት አለው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብረውኝ የበሉ የጠጡ ናቸው። ነገር ግን ደንቡን የሚያረቀው፣ ገማቹን የሚመድበው፣ ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ዲያስፖራው ይገፋል። አሜሪካ ያለው ሰው ስብሰባው ላይ የለም፤ በሌለበት ስለ እሱ መወሰን ቀላል ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለውን የሹም ቤት የሚያነሣ ግን የለም።

ክልሉም ከተሞቹም ዝርዝር ደንብ ሲያወጡ፣ ጥያቄው በስድስት ወር መኖር ላይ ይቁም፤ ወላጅ የሚኖርበት ግቢ፣ በአንዲት ሰርቪስ ውስጥም ቢሆን፣ እንደ ተያዘ ይቆጠር። ቤቱን አላስለካም ያለ በከፍተኛው ግምት ይሞላ፣ ቅሬታ ካለው ቁልፉን ይዞ ይምጣ። ውዝፍ በየዓመቱ ወለድ ይታሰብበት፤ ክሊራንስ ሲጠየቅ በስልክ የሚሰረዝ ቅጣት አይኑር። የተሰበሰበውም ብር በየቀበሌው ምን ላይ እንደዋለ ይጻፍ።

ባዶ ነው ወይስ ተይዟል የሚለውን ቅጽ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከማንም ባለ ቤት በፊት፣ የከተማው ምክር ቤት አባላት፣ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊዎችና እኛ ገማቾች በየስማችንና በየዘመዶቻችን ስም ላለው ቤት ሁሉ እንሙላው፤ ዝርዝሩም በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፍ።